በነፋስ ስለሚሄድ የአበባ ዱቄትና በመተንፈሻ ላይ ስለሚያመጣው ሕመም፤ ለይፋት ቆላ ሹማምንትና ባለመሬቶች የተጻፈ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ባለው የይፋት ቆላ ማሽላው ራሱን ሲያወጣ፣ የመንገዱም ዳር በሣርና በአረም ሲሸፈን፣ ዓይኑ የሚያሳክከው፣ አፍንጫው እንደ ውኃ የሚወርድ፣ ደጋግሞም የሚያነጥሰው ሰው በየመንደሩ አይታጣም። ሌሊት ደረቱ ተጨንቆ፣ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ እያሰማ የሚተነፍስም አለ። ሕዝቡ ይህን አንዳንዱ ጉንፋን ነው ይላል፤ አንዳንዱም ምች መትቶት ነው ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ ያጠጣዋል። በእርግጥም ጉንፋን የያዘው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሕመሙ በየዓመቱ በዚያው ወር የሚመለስ፣ አበባውም ሲረግፍ የሚተው እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ከእርሻውና ከመንገዱ ዳር በነፋስ ተነሥቶ የሚመጣ የአበባ ዱቄት መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ስለዚህ ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አረም እንዲነቀል ቀን ቈርጦ የሚያዝዝ ሹምና እርሻውን የሚያስጠብቅ ባለመሬት የሚያገባቸው ነው።

የአበባ ዱቄት ማለት ተክል ዘር ለመቋጠር ከወንዱ የአበባ ክፍል ወደ ሴቲቱ ክፍል የሚልከው ደቃቅ ነገር ነው። የሚሄድበትም መንገድ ሁለት ነው። አበባቸው የሚያምርና መዓዛ ያለው ተክሎች ዱቄታቸው ከባድና የሚጣበቅ ስለ ሆነ ንብና ሌሎች ነፍሳት ይሸከሙላቸዋል። አበባቸው የማያምር፣ ሰውም አበባ መሆኑን ልብ የማይለው፣ እንደ ሣርና እንደ ማሽላ ያሉት ግን ዱቄታቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ፤ ነፋስም የሚሄድበትን ስለማያውቅ፣ አንዲቱ ቅንጣት ከስፍራዋ እንድትደርስ እልፍ አእላፋቱ በከንቱ ይበተናሉ። የሰው አፍንጫ የሚያገኛቸው እነዚህን ነው። በመስከረም ወር ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በአደይ አበባ ላይ ነውና ጥፋቱን ለእርስዋ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የአደይ ዱቄት በአብዛኛው በነፍሳት የሚወሰድ ነው። ወንጀለኛው ብዙ ጊዜ ከእግርዋ ሥር ያለው ሣር ነው።

የዚህን ነገር እውነት አስቀድሞ በምርመራ ያስረዳው ቻርልስ ብላክሊ የሚባል በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ የነበረ ሐኪም ነው። እርሱ ራሱ በየበጋው በዚህ ሕመም ይሠቃይ ነበር። የሚጣበቅ ነገር የተቀባ መስታወት በሜዳ አስቀምጦ በየቀኑ የወደቀበትን የሣር ዱቄት ቈጠረ፤ በገመድ የታሰረ የወረቀት አሞራም እያበረረ ዱቄቱ ከፍ ባለው አየር ውስጥ መኖሩን መረመረ። ዱቄቱ ሲበዛ ሕመሙ እንደሚበረታ፣ ሲያንስም እንደሚቀል ካየ በኋላ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በ1906 ደግሞ ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሚባል የቪየና ሐኪም ለእንዲህ ያለው የሰውነት ጠባይ «አለርጂ» የሚል ስም አወጣለት፤ ይህም ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አለርጂ ማለት ሰውነት ጠላት ያልሆነውን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው ነው። የአበባ ዱቄት በራሱ መርዝ አይደለም፤ ከመቶ ሰዎች ብዙዎቹ ቢስቡት ምንም አይሆኑም። በአንዳንዱ ሰው ግን ሰውነቱ ዱቄቱን አንድ ጊዜ ካወቀው በኋላ ዳግመኛ ሲመጣ እንደ ዘበኛ ይነሣበታል፤ በዚያን ጊዜ ሂስታሚን የሚባልና ሌላም ነገር ከሥጋው ውስጥ ይለቀቅና የአፍንጫውን ውስጥ ያሳብጣል፣ ውኃ ያመነጫል፣ ዓይንን ያሳክካል። ይኸው ነገር ወደ ሳንባ ቧንቧ የወረደ እንደ ሆነ ቧንቧው ይጠብባል፣ አክታም ይሞላዋል፤ ሰውየውም አየር ለማስወጣት ይቸገራል። ይህ አስም የሚባለው ሕመም ነው፤ ከበረታም ይገድላል። አፍንጫና ሳንባ የአንድ ቤት ደጅና ጓዳ ናቸውና፣ አፍንጫው በየዓመቱ ሲታመም ቸል የተባለ ሰው ለአስም የቀረበ ነው።

ከጉንፋን የሚለየውም እንዲህ ነው። ጉንፋን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል፣ በሳምንት ወይም በጥቂት በለጥ ባለ ጊዜም ይለቃል፣ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። አለርጂ ግን ትኩሳት የለበትም፣ ማሳከክ ይበዛበታል፣ ለሳምንታት ይቆያል፣ ከሰውም አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየበትን ሰው «የአበባ ሕመም ነው» ብሎ ማስቀመጥ ትልቅ አደጋ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ማስመርመር አለበት።

አሁን ወደ አገሩ እንመለስ። ካራቆሬ በ1953 ዓ.ም. በደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ምክንያት ስሟ በሊቃውንት መጻሕፍት የገባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጣርማ በር ተራራ ወርዶ ወደ እርስዋ የሚሄድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከውርጭ አገር ወደ ሙቀት አገር ያልፋል፤ የሚስበውም አየር እንደዚሁ ይለወጣል። በደጋው ነፋስ የሚነዛው የጥድ ዱቄት አለ። በቆላው ግን ሰርዶ ይገኛል፤ ይህ ሣር በብዙ አገር ሐኪሞች ዘንድ በአለርጂ የታወቀ ነው። በየጓሮውና በየቆሻሻው መጣያ የሚበቅለው አሉማም ዱቄቱን ለነፋስ ከሚሰጡት ወገን ነው። የበቆሎ ዱቄት ትልቅ በመሆኑ ሩቅ ሳይሄድ ከማሳው አጠገብ ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚጐዳው በማሳው ውስጥ የሚሠራውን ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለ ሆነ ወደ አየር የሚለቀው ዱቄት እጅግ ጥቂት ነው። በጤፍ ጊዜ የሚያስለው ሰው ብዙውን ጊዜ የታመመው በአበባው ሳይሆን በአውድማው ትቢያ ነው፤ ትቢያው የገለባ ስብርባሪና ሻጋታ የተቀላቀለበት ነውና። ይህን መለየት ይጠቅማል፤ የአውድማ ትቢያ በአፍና በአፍንጫ ላይ ጨርቅ በማሰርና ከነፋስ በላይ በኩል በመቆም ሊቀነስ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቅንጬ አረም የተባለው፣ በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም የሚባለው መጤ ተክል ነው። ትውልዱ ከአሜሪካ የሞቃት አገሮች ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ ዓ.ም. ባለው ዘመን እንደ ሆነ ይታመናል፤ አስቀድሞም የታየው በምሥራቅ፣ በድሬዳዋና በሐረር በኩል ነው። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ መጣ የሚሉ አሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ በተሽከርካሪ ጐማ ገባ የሚሉም አሉ። የምሥራቅ ገበሬዎች በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ መንገድን ተከትሎ ወደ ወሎና ወደ ይፋት ቆላ ደርሷል፤ የጭነት መኪና፣ ጐርፍ፣ ከብትና ያልተበጠረ የዘር እህል ያጓጉዙታል።

መልኩ ይህ ነው፤ ቁመቱ እስከ ሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል፤ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ አበባው ነጭና ጥቃቅን ሆኖ በጫፉ ላይ ይዘረጋል። ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻ 15,000ና ከዚያም በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ከብት አይወደውም፤ ተርቦ የበላው እንደ ሆነ ወተቱና ሥጋው ይመርራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ሳይታረም ሲቀር ምርቱን ከመቶ 40 እስከ 97 እጅ እንደሚያጐድል ታይቷል።

የሰውን ጤና የሚጐዳው በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ በግንዱና በቅጠሉ ፓርቴኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለ በባዶ እጅ ደጋግሞ የሚነካውን ሰው ቆዳ ያቈስላል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ሕንድ አገር በገባ ጊዜ በፑና ከተማ አካባቢ ብዙ ሰዎች ፊታቸውና አንገታቸው በዚህ ምክንያት ታመመ። ሁለተኛ፣ የአበባው ዱቄት የአፍንጫ አለርጂና አስም እንደሚያመጣ በዚያው በሕንድ በሰፊው ተመርምሯል። ቅንጣቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሃምሳኛ እጅ የማይበልጥ፣ እሾህ የመሰለ ልብስ ያለው ነው። ይኸው ዱቄት በበቆሎ፣ በቲማቲምና በባቄላ አበባ ላይ ሲያርፍ ፍሬ እንዳይቋጥሩ እንደሚከለክልም ተገኝቷል፤ አንድ ዱቄት የገበሬውን ደረትና የገበሬውን ጐተራ በአንድ ጊዜ ይጐዳል ማለት ነው።

እንግዲህ የሹማምንት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የአረም ነቀላ ዘመቻ የሚታዘዘው መቼ ነው? አረሙ ሜዳውን ነጭ አድርጎ ከርቀት በታየ ጊዜ ነው። ሹሙ ያየዋል፣ ይቈጣል፣ ሕዝቡንና ተማሪውን አስወጥቶ ያስነቅላል። ትጋቱ የሚመሰገን ነው፤ ጊዜው ግን ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ነጭ ሆኖ የታየው አበባ ስለ ሆነ፣ መቶ ሰው በአንድ ሜዳ ሲነቅለው ሲያራግፈውም ዱቄቱን በአፍንጫው ይስባል፤ ለምልክት ያህል ከበሰለው ተክል ዘሩ ይረግፋል፤ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድም በየመንገዱ ይዘራል። አስም ያለበት ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ቢሰለፍ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፤ ከዚያም ይከፋ ይሆናል። ስለዚህ የዘመቻው ቀን የሚቈረጠው በአበባው ሳይሆን በዝናሙ ነው። ይፋት በልግና ክረምት የሚባሉ ሁለት ዝናሞች አሉት፤ አረሙም ከእያንዳንዱ ዝናም በኋላ ይበቅላል። ዝናሙ በደንብ ከጣለ ከሦስተኛው ሳምንት ሳያልፍ፣ ተክሉ ገና ቅጠሉ በምድር ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ አፈሩም ርጥብ ሆኖ ሥሩ ሳይበጠስ የሚወጣ ሳለ መነቀል አለበት። ያን ጊዜ ለዓይን አያስቈጣም፤ ሹሙም ምን አለና ይህን ያህል ሕዝብ ይወጣል ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። መልሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚታየው ነጭ ሜዳ ነው።

በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ በኩል በወንዝ ውኃ ሽንኩርት የሚያለሙ ባለመሬቶች ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የመስኖ ውኃ ለአረሙም ክረምት ነውና፣ በደረቁ ወራት ሌላው አገር ሲያርፍ በቦዩ ዳር ያለው ያብባል፤ እንዲያ ሲሆን አየሩ ከዱቄት የሚያርፍበት ወር አይኖርም። ቦዩን በየሁለት ሳምንቱ መመልከት፣ ከማሳው ይልቅ ዳሩን ማጽዳት ይሻላል። የደሴ መንገድ ዳርና የገበያ ሜዳ የማንም እርሻ ስላልሆኑ ማንም አያያቸውም፤ ዘሩ ግን የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው። እነዚህን ለአንድ ቀበሌ በስም ለይቶ መስጠት ያስፈልጋል።

ያበበውን መንቀል ግድ ከሆነ፣ የሚነቅለው ሰው ጓንት ወይም ላስቲክ በእጁ አድርጎ፣ እጅጌውን አውርዶ፣ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ይሥራ፤ ዱቄት በርጥብ ጊዜ እምብዛም አይበርምና። ሲጨርስም ልብሱን ይለውጥ፣ ፊቱን ይታጠብ። አስም ያለበት፣ ቆዳው የቈሰለበትም ሰው ከሥራው ይቅር፤ ይህም በትእዛዙ ላይ በግልጥ ይጻፍ፤ ያለዚያ ሰነፍ ተብሎ ይቀጣልና። ሳያብብ የተነቀለው በጉድጓድ ተቀብሮ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ዘር የያዘው ግን ከስፍራው ሳይርቅ በጥልቅ ይቀበር እንጂ በጋሪ አይጓዝ። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛና ግንዱን የሚቦረቡር ነቀዝ ከውጭ አገር መጥተው በአምቦ የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሌላውን ሰብል እንደማይጐዱ ከተመረመሩ በኋላ በአንዳንድ ስፍራ ተለቀዋል፤ ይህ ግን ቀስ ብሎ የሚረዳ እንጂ የእጅን ሥራ የሚያስቀር አይደለም።

አንዳንዶች «ይህ ሕመም የከተማ ሰው ሕመም ነው፤ ገበሬን አይነካም» ይላሉ። ለዚህ አባባል መጠነኛ መሠረት አለው፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት የወጣው በጅማ የተደረገ ምርመራ፣ አስም በከተማው ሰው ዘንድ ከገጠሩ ይልቅ እንደሚበዛ አሳይቷል። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ካራቆሬ ግን ከተሞች ናቸው፤ ገጠሩም ወደ እነርሱ ይመጣል፤ እርሻውም እስከ ደጃቸው ድረስ ነው።

ስለ ነጐድጓድም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ በሣር አበባ ጊዜ ብርቱ ነጐድጓዳማ ነፋስ ተነሥቶ፣ ርጥበቱ የሣሩን ዱቄት ሰባብሮ ወደ ሳንባ እስኪገባ ድረስ አደቀቀው፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ትንፋሹ አጥሮት ወደ ሐኪም ቤት ሄደ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ከእነዚህም ውስጥ ቀድሞ አስም እንዳለባቸው ያላወቁ ነበሩ። በመስከረም ማለቂያ ከተራራው በኩል ነጐድጓድ ሲመጣ አስም ያለበት ሰው ወደ ቤት ገብቶ መስኮቱን ይዝጋ፤ ሐኪም ያዘዘለት የሚሳብ መድኃኒት ካለውም በኪሱ ይያዝ። የወረዳው ሹም በበኩሉ ይህ መድኃኒት በጤና ጣቢያው መኖር አለመኖሩን ከመስከረም በፊት፣ በነሐሴ ወር አስጠይቆ ይወቅ፤ ያለቀም እንደ ሆነ መንገዱ በክረምት ጐርፍ ሳይዘጋ ያስመጣ።