«በደማቸው ያለ ነው» ለሚሉን

በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ በቁጥር ያነሰው ወገን ወጣቶች ከሌላው ይበልጥ በአእምሮ ሕመም ሲጠቁ፣ ምክንያቱን ከኑሯቸው ከመፈለግ ይልቅ ወደ ደማቸውና ወደ ዘራቸው ማመልከት የቆየ ልማድ ነው። አባባሉ ምቹ ነው። ጥፋቱ በደም ውስጥ ከሆነ ቤት የከለከለው አከራይ፣ ሥራ የነፈገው አሠሪ፣ በየመንገዱ የሚፈትሸው ፖሊስ ሁሉ ከተጠያቂነት ነጻ ይወጣሉና። እኛ ይህን አባባል የምንሞግተው በተጨባጭ ማስረጃ ነው።

እንግሊዝን እንመልከት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራተኛ እጥረት የገጠማት ብሪታንያ ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶቿ የሰው ጉልበት መቀበል ጀመረች፤ በ1948 ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ ስትደርስ የዚህ ፍልሰት ምልክት ሆነች። መጤዎቹ አውቶቡስ ነዱ፣ በሆስፒታል አስታመሙ፣ በፋብሪካ ላባቸውን አፈሰሱ። በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በኖቲንግሃምና በብሪስቶል ተካሂዶ በ2006 የታተመ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም በካሪቢያን ተወላጆች ላይ ከነጭ እንግሊዛውያን 9 እጥፍ ያህል በልጦ መገኘቱን ገለጸ። ደምን ለሚወነጅሉ ወገኖች ይህ አኃዝ መልካም ስጦታ ይመስላል። ሆኖም በ1990ዎቹ በጃማይካ፣ በትሪኒዳድና በባርቤዶስ የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቁጥር አላገኙም። ደሙ ያው ነው፤ የተለየው ኑሮው ነው።

ሌላም ምክንያት ይቀርባል። ኖርዌያዊው ሐኪም ኦዴጎርድ በ1932 ወደ አሜሪካዋ ሚኔሶታ የፈለሱ የአገሩን ሰዎች ከመረመረ በኋላ፣ ቀድሞውኑ ለሕመሙ የተጋለጠው ሰው ነው ለስደት የሚነሣው የሚል አስተያየት ሰጥቶ ነበር። ይህም ቢሆን በልጆቹ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። በሆላንድ ዘ ሄግ ከተማ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከመጤዎቹ መካከል አደጋው የበረታው ከ5 ዓመት በታች ሳሉ በገቡት ላይ ነው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሕፃን ስደትን መረጠ ሊባል ነውን?

ከሁሉ በላይ ለቀበሌና ለመንደር ማኅበራት አባላት ሊጤን የሚገባው ግን በዚያችው ከተማ ተጠንቶ በ2008 የወጣው ውጤት ነው። መጤዎች ከወገኖቻቸው ጋር በብዛት በሚኖሩበት ሠፈር የሕመሙ መጠን ከአገሬው ሰው ብዙም አልራቀም፤ በጥቂቱ ተበታትነው በሚኖሩበት ሠፈር ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2001 የታተመ የደቡብ ለንደን ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል። ጠዋት በሥራ ቦታ የተሰደበ ወጣት ማታ ከወገኑ ጋር ሲገናኝ «እኔንም እንዲሁ አሉኝ» የሚለው ያገኛል፤ አብረው ይስቁበታል፤ ስድቡም የኅብረተሰቡ ነውር መሆኑ ይገባዋል። ብቸኛው ወጣት ግን የሚመለከተውን ዓይን ሁሉ ስለ ራሱ ጉድለት የሚመሰክር አድርጎ ይወስደዋል። እኛም በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን ይህን በመጠኑ ቀምሰነዋል። እሑድ እሑድ በአንዲት ምድጃ ዙሪያ ተሰብስበን ከአገር ቤት የመጣች ሽሮ የምንሠራው ለሆዳችን ብቻ አልነበረም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ለየብቻ ይኑሩ» የሚል ቢኖር ነገሩን ገልብጦታል። የወገን ብዛት ቁስሉን ያስታግሳል እንጂ አቁሳዩን አያስወግድም፤ ሰውን በዘር ከልሎ ማስፈር ምን እንደሚያስከትል ደቡብ አፍሪካ አሳይታለች። የሐኪምና የመድኃኒት አስፈላጊነትም አያከራክርም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ከአዲስ አበባ የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን እስራኤል ሲደርሱ ለብዙ ልጆች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ እናት ያወጣችው ስም ከመዝገብ ወጣ። ከወጣቶቹም አብዛኞቹ ከቤተ ሰብ ተለይተው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቋንቋውን ቀድሞ የለመደው ልጅ ለአባቱ አስተርጓሚ ሆነ፤ በጎንደር ገጠር ቃሉ የሚከበርለት ሽማግሌ በየቢሮው ልጁ የሚልለትን ጠባቂ ሆኖ ቀረ። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ የደረሰው ጉዳት ድርብ ነው፤ ወጣቱ በአዲሱ ኅብረተሰብ ሙሉ ሰው ተብሎ ሳይቆጠር፣ የሚጠጋበት የአባት ግርማ አስቀድሞ ተናደ።

በጥር 1996 ደግሞ ኢትዮጵያውያኑ በበጎ ፈቃድ የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩን አንድ ጋዜጣ አጋለጠ። ምክንያቱ የኤድስ ሥጋት ነው ተባለ። «በደማቸው ያለ ነው» የሚለው አባባል በዚህ ጊዜ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤት አሠራር ሆኖ ተገኘ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። በሰኔ 2019 ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ተኩሶ ሲገድል አውራ ጎዳናዎችን የዘጉት ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ ከአማርኛ ይልቅ ዕብራይስጥ የሚቀናቸው ልጆች ነበሩ።