የረዳት ተዋናይ ፊርማ፦ አሰባሰቡ፣ አለያየቱ፣ አጠባበቁ

ታዋቂ ሰው የፈረመበትን ፎቶ ወይም ፖስተር መሰብሰብ የሀብታም ሥራ ይመስላል። የመሪ ተዋንያንን ፊርማ ለሚያሳድድ ሰው ነገሩ እውነት ነው። ከረዳት ተዋንያን ለሚጀምር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይቀላል፤ ፊርማውም በገዛ እጃቸው የተጻፈ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ከሁሉ በላይ፣ የረዳት ተዋናይን ታሪክ ሰብሳቢ ካልያዘው የሚይዘው ሌላ ሰው ብዙም የለም።

ረዳት ተዋናይ ስንል

እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን “ካዛብላንካ” ያየ ሰው ፒያኖ ተጫዋቹን ሳምን አይረሳውም። ሳምን ሆኖ የሠራው ዱሊ ዊልሰን ግን በሕይወቱ ከበሮ መቺ እንጂ ፒያኖ ተጫዋች አልነበረም። ነቢይ መኰንን “ነገም ሌላ ቀን ነው” ብሎ በተረጎመው ልቦለድ ላይ በተሠራው ፊልም ደግሞ ማሚን የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት። እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር ስትሸለም ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያን ጊዜ ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ሐውልቱ ሳይሆን ጠፍጣፋ የመታሰቢያ ሰሌዳ ነበር። ሽልማቷ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጠፋ፤ ምትኩ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የኦስካር ሽልማት እንዲህ ከጠፋ፣ አንድ ፎቶ ለመጥፋት ምን ያህል እንደሚቀርብ መገመት አያዳግትም።

ከእኛም ሰው አለ። ኤም.ጂ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው “ሻፍት በአፍሪካ” ፊልም ደበበ እሸቱ ዋሳን ሆኖ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫውቷል። የፊልሙ ከፊል ቀረጻም የተካሄደው በኢትዮጵያ ነው። የዚህን ፊልም ፖስተር ያገኘ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ በእጁ የያዘው የሆሊውድን ብቻ ሳይሆን የአገሩንም የትወና ታሪክ ነው።

እውነተኛውን መለየት

በቀድሞው ሆሊውድ ለታላላቅ ኮከቦች የሚጎርፈውን የአድናቂ ደብዳቤ ራሳቸው አይጨርሱትም ነበር። ጸሐፊዎች ይፈርሙላቸዋል፤ ማኅተም ይመታል፤ አንዳንዴም ፊርማው ከፎቶው ጋር አብሮ ይታተማል። ረዳት ተዋንያን የሚደርሳቸው ደብዳቤ ያነሰ ስለነበር ብዙዎቹ ራሳቸው ይፈርሙ ነበር።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ ይያዙትና ብርሃኑ በአግድም እንዲያርፍበት ቀስ እያሉ ያዘንብሉት። በብዕር የተጻፈ ቀለም ከፎቶው ገጽ በተለየ ሁኔታ ያንጸባርቃል፤ ብዕሩ የተጫነበት ቦታም አንዳንዴ ሰርጎ ይታያል። አብሮ የታተመ ፊርማ ግን ከፎቶው ጋር አንድ ዓይነት ገጽ አለው።

ቀጥሎ የብዕሩን ዕድሜ ይጠይቁ። እስክሪብቶ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው፤ ማርከር የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። ዱሊ ዊልሰን ያረፈው በ1953 ነው። ስለዚህ በማርከር የተጻፈ “የዱሊ ዊልሰን ፊርማ” የሚሸጥልዎ ሰው ካለ፣ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

የምስክር ወረቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤፍ.ቢ.አይ. ባካሄደው “ኦፕሬሽን ቡልፔን” የሐሰት ፊርማ የሚያመርትና የሚያሰራጭ ትልቅ ቡድን ተይዟል፤ ብዙው ዕቃ የሚሸጠው ከነምስክር ወረቀቱ ነበር። ሻጩን ፎቶው ከማን እጅ እንደመጣ ይጠይቁት፤ በሌላ ቦታ ከተረጋገጡ ፊርማዎች ጋርም ያስተያዩት።

ከራሱ ከባለቤቱ መቀበል

ከሁሉ የሚታመነው ፊርማ ዓይንዎ እያየ የተፈረመው ነው። የሚኖሩት ጅቡቲ ከሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቴአትር ይግቡ። ትኬቱን አይጣሉት። ትርኢቱ ሲያበቃ አንጋፋውን ተዋናይ “ጋሼ፣ ስሜን ጽፈው ቢፈርሙልኝ” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንድ ነጋዴ የተቀባዩ ስም ያለበት ፎቶ ዋጋው ይቀንሳል ይላል። ለእኔ ግን ስሙ ፊርማው ለማን፣ እንዴት እንደተሰጠ ስለሚናገር ከዋጋው ይበልጣል።

በካርቲየ 4 አየር መጠበቅ

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 4 ሰፈር ለሚኖር ሰው ትልቁ ጠላት ሐሰተኛ ሻጭ ሳይሆን ሙቀቱና የባሕሩ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የፎቶ ገጽ የተሠራበት ጄላቲን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ከመስታወት ጋር ከተጣበቀ በኋላ ሊያላቅቁት ሲሞክሩ ምስሉ ተልጦ ይቀራል። ስለዚህ፦

ፎቶው የክፈፉን መስታወት እንዳይነካ በዙሪያው ወፍራም ካርቶን ይግባ። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ቢሆን ይመረጣል።

ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይራቅ። የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል።

የሚሸትና የሚለሰልስ ፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ፎቶን ይጎዳል፤ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይምረጡ። ላሚኔት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ፊት ለፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርገው ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

በመጨረሻም፣ በፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ፣ በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ፦ ማን ፈረመ፣ በየትኛው ሥራ ምን ሆኖ ተጫወተ፣ መቼ፣ የት። መሪው ተዋናይ ይህ ባይጻፍለትም ሰው ያውቀዋል። ረዳት ተዋናዩን ግን ልጆችዎ የሚያውቁት እርስዎ ከጻፉለት ብቻ ነው።