የስክሪን ፊት፦ ማት ወይስ ግሎሲ?

ለፎቶ ሥራ ስክሪን ሊገዛ የሄደ ሰው ስንት ኢንች እንደሆነና ስንት ብር እንደሚያወጣ ይጠይቃል። ይጠይቅ። ፓነሉ አይፒኤስ ይሁን፤ ቲኤን የሚባለው ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ስለሚለወጥ ለፎቶ አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። እኔን የሚያሳስበኝ ጠያቂ ያጣው የስክሪኑ ፊት ነው፤ ማት (የማያብለጨልጭ) ነው ወይስ ግሎሲ (የሚያብለጨልጭ)?

ከላላና መካነ ሰላም አካባቢ ላለ ፎቶ ቤት ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ቤቱ ብዙ ጊዜ ወደ መንገድ የተከፈተ አንድ ክፍል ነው። ደንበኛ እንዲገባ በሩ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም፤ የበጋው የደጋ ፀሐይ ከደጅ ያበራል፤ ኮምፒውተሩም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። በጥር የሠርግ ሥራ ሲደራረብ ሙሽሮች ሁሉ የሚስተካከሉት በዚህ ብርሃን ውስጥ ነው።

በባለሙያው ዘንድ የተለመደ አባባል አለ፦ «ግሎሲ ቀለም አለው፣ ማት ቀለም ይገድላል።» የመጣው ከፎቶ ወረቀት ይመስለኛል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየም ሰው እውነት ነው ብሎ ይወጣል። ነገር ግን ቀለሙን የሚሠራው ከውስጥ ያለው ፓነል ነው። አንድ ዓይነት ፓነል ሁለቱንም ፊት ሊለብስ ይችላል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ካስቀመጧቸው የሚያሳዩት የቀለም ስፋት ያው ነው። የሚለያዩት ከውጭ የመጣባቸውን ብርሃን በሚመልሱበት መንገድ ነው። የሐይቅ ውሃ ጸጥ ሲል ከዳር ያለውን ተራራ እንዳለ ያሳያል፤ ነፋስ ሲነካው ምስሉ ይበተናል፣ ብርሃኑ ግን የትም አልሄደም። ግሎሲ ጸጥ ያለው ውሃ ነው፤ ማት ነፋስ የነካው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን የሌለው መስታወት ፊቱ ላይ ካረፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ምንም አይመስልም። ጥሩ አይፒኤስ ስክሪን ነጩ 100 ኒት (የብሩህነት መለኪያ) ሲሆን ጥቁሩ 0.1 ኒት አካባቢ ነው፤ ልዩነታቸው 1,000 ለ 1 ማለት ነው። አሁን ባለሙያው በርዶት ነጭ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል እንበል። 300 ሉክስ ብርሃን ባለበት ክፍል ነጭ ጋቢ 75 ኒት ያህል ብርሃን ይመልሳል። የዚያ 4 በመቶ 3 ኒት ነው። ጋቢው በሚታይበት የስክሪኑ ክፍል ላይ ይህ ሲደመር ጥቁሩ 3.1፣ ነጩ 103 ይሆናል። 1,000 የነበረው ልዩነት 33 ገባ። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ፎቶውም ደህና ነው፤ የተለወጠው ዓይን የሚያየው ብቻ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ወጣት የሙሽራ ጥቁር ሱፍ ሲያስተካክል አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። የኮሌታው እጥፋት አልታይ ስላለው ጥላውን ማንሳት፣ አሁንም ማንሳት ነው። «ወንድምዓለም፣ እስቲ ያንን ጋቢ ወዲያ አድርገው» አልኩት። ጋቢው ሲወርድ ኮሌታውም ኪሱም ታዩ፤ የጨመረውን ሁሉ መልሶ ቀነሰ። ያ ፎቶ እንደነበረ ቢታተም ሱፉ አመድማ፣ የሙሽራውም ፊት ወዘና ያጣ ይሆን ነበር። የጠይም ፊት ዝርዝር በብዛት ያለው ከመካከለኛው ብርሃን በታች ነው፤ ነጸብራቅ አስቀድሞ የሚበላውም ያንኑ ነው።

ማትም ቢሆን ያለ ዕዳ አልመጣም። ግሎሲ ጋቢውን ከነቅርጹ ስለሚያሳይ ቢያንስ ጥፋተኛው ይታወቃል። ማት ያንኑ ብርሃን በስክሪኑ ላይ ስለሚበትነው ምስሉ ሁሉ በስሱ ይነጣል፤ ባለሙያውም ሳይታወቀው ኮንትራስት ይጨምራል። ከዚህ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የወጡ አንዳንድ ሞኒተሮች ሽፋናቸው ሸካራ ስለነበር በነጭ ላይ ጥቃቅን ብልጭታ ያሳያሉ፤ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ይጠንቀቅ። ቬሎው ላይ ያየውን ብልጭታ የካሜራ ኖይዝ መስሎት የሙሽራዪቱን ፊት የቆዳዋ ወዝ እስኪጠፋ የሚያለሰልስ አለ። እባካችሁ፣ ከማለስለሳችሁ በፊት ፎቶውን ወደ ጎን ሳብ አድርጉት፤ ብልጭታው አብሮ ካልሄደ የስክሪኑ ነው። ዛሬ የሚሠሩት ሽፋኖች በጣም ቀለዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ፕሮ ዲስፕሌይ ኤክስዲአር ላይ፣ ማት ለሚፈልግ፣ የመስታወቱን ፊት በናኖሜትር ደረጃ ቀርጾ አቅርቧል።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ በሩ ክፍት ለሆነ ፎቶ ቤት ቀለል ያለ ማት፤ ብርሃኑን መቆጣጠር ለሚችል ሰው ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ያለው ግሎሲ። ግን ክፍሉ ይቀድማል። ስለ ፎቶና ኅትመት እይታ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 3664 በ2000 ዕትሙ ስክሪን የሚታይበት ቦታ ብርሃን ከ64 ሉክስ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ32 በታች እንዲሆን ይላል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱት የቦያጂያን ቤተሰብ ባለሙያዎችም ሆኑ በየከተማው የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ፊልም የሚያጥቡት ጨለማ ክፍል ዘግተው ነበር። እኛ ፊልሙ ሲቀር ክፍሉንም አብረን መተዋችን ያሳዝነኛል።

ለመፈተሽ ስክሪኑን አጥፍታችሁ እንደ ወትሮው ፊቱ ተቀመጡ። ጥቁሩ ላይ የምታዩት በር፣ አምፖል ወይም ሸሚዝ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ እየተደመረ ነው። በሩ ከጀርባችሁ ሳይሆን ከጎናችሁ እንዲሆን ጠረጴዛውን አዙሩ። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። ከላይና ከግራ ቀኝ ውስጡ ጥቁር የሆነ ካርቶን አቁሙ፤ እንደ ኤይዞ ያሉ ኩባንያዎች ለባለሙያ ከሚሠሯቸው ሞኒተሮች ለአንዳንዶቹ ይህንኑ ጥላ ከዕቃው ጋር ይሰጣሉ።

አቧራ የያዘ ስክሪን በነጠላ ጫፍ አይወለወልም፤ አቧራው ሽፋኑን ይጭረዋል። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃም አይነካውም። የሚበቃው ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ነው፣ ቢበዛ በውሃ እርጥብ ያለ። ብሩህነቱንም ከ80 እስከ 120 ኒት ባለው ውስጥ አስቀምጡት፤ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ኅትመቱ ጨልሞ ይመጣል። በላፕቶፕ የሚሠራ ደግሞ መብራት ሲሄድ ስክሪኑ በራሱ እንዳይደበዝዝ ያንን ምርጫ አስቀድሞ ያጥፋው፤ አለዚያ የአንድ ሠርግ አልበም እኩሌታው ከቀሪው ጋር አይገጥምም።