ስቡ የሚወጣው በአፍንጫ ነው

ሰሞኑን ቡራዩ ጎራ ብዬ የአክስቴን ልጅ በተከራየው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አገኘሁት። ሆዱን በፌስታል ጠምጥሞ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ሹራብ ደርቦ፣ አየሩን በቡጢ ይደበድባል። «ጋሼ፣ እየቀለጥኩ ነው እኮ!» አለኝና ስልኩን ሰጠኝ። በቪዲዮው ላይ አንድ ጎረምሳ «በ20 ደቂቃ የቴኳንዶ ካርዲዮ 1,000 ካሎሪ፤ ላብዎ ስብዎ ነው» ይላል። ይህንኑ ቪዲዮ ከሰበታም ከሱሉልታም ወዳጆች ልከውልኝ ዝም ብዬ ነበር። ባዮኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ነኝና በዚህኛው ትዕግሥቴ አለቀ።

ስለ ስፖርቱ ብዙ አልልም፤ ደህና ስፖርት ነው። የቦክስ ቡጢና የቴኳንዶ እርግጫ ከሙዚቃ ጋር ማስኬድ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ቢሊ ብላንክስ «ታይ ቦ» ብሎ በቪዲዮ ካሴት ዓለምን አዳረሰው። ተጋጣሚ የለም፣ ጓንት አያስፈልግም፣ እግር የሚያዘረጋ ወለል ይበቃል። «ካርዲዮ» የሚለው ቃል ራሱ ከልብ የመጣ ነው፤ እኛ ግን የቦርጭ መድኃኒት አደረግነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ ኪሎ ከሰል ምድጃ ላይ ነድዶ ሲያልቅ የሚተርፈው እፍኝ አመድ ነው። የቀረው የት ሄደ? ተንጠባጥቦ ፈሰሰ የሚል የለም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ጋዝ ሆኖ በነነ። የሰው ስብም እንዲሁ ነው። የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከጥቂት ኦክስጅን ነው። ጡንቻ ጉልበት ሲፈልግ ስቡ ተሰባብሮ በሴል ውስጥ ከተነፈስነው ኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ ውኃ ይሆናል። ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስሌቱን በ2014 አሳትመውታል፦ 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲነድ 8.4ቱ ኪሎ በካርቦን ዳይኦክሳይድነት በትንፋሽ ይወጣል፤ 1.6ቱ ውኃ ይሆናል። ለዚህም 29 ኪሎ ኦክስጅን መሳብ ያስፈልጋል። ማለዳ ሱሉልታ ላይ ከአፋችን የሚወጣው ጉም ውኃ ነው፤ ስቡን ተሸክሞ የሚሄደው ጋዝ ግን አይታይም።

«ስብ ማቅለጥ» የሚለው አነጋገራችን ነው ያሳሳተን። ቅቤ ቢቀልጥም ያው ቅቤ ነው፤ ኪሎው አይቀንስም። «ማንደድ» ብንል ይሻላል። ታዲያ ቁጭ ብዬ ባለከልክ እከሳለሁ? እዚህ ላይ የከሰሉ ምሳሌ ይከዳኛል። ምድጃ ሲያራግቡት ይፋፋማል፤ ሰው ግን ያለ ሥራ ቢያለከልክ ራሱን ከማዞር በቀር የሚያተርፈው የለም። መጀመሪያ ጡንቻው መጠየቅ አለበት።

ላብስ? እንስራን አስቡ። ውኃው የሚቀዘቅዘው በገላው ሰርጎ ስለሚተን ነው። ላብም የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው። እንስራውን በፌስታል ብትጠቀልሉት ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ የአክስቴ ልጅ ሆድም እንደዚያው። ሚዛን ላይ የጠፋው ክብደት ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል።

አሁን 1,000ዋን ካሎሪ እንመርምር። (ሰው «ካሎሪ» የሚለው በትክክል ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ለዛሬ ልለፈው።) 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቁጭ ብሎ በሰዓት 60 ገደማ ያወጣል። በመካከለኛ ፍጥነት ቡጢ ሲሰነዝር ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በ20 ደቂቃ 120 ማለት ነው። ሁሉም ከስብ ቢመጣ እንኳ 13 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት!

ስድስት እጥፍ ማለቴ ግምት ነው፤ እንደ ሰዉና እንደ ፍጥነቱ ይለያያል፣ የጀማሪው ዕረፍት ሲታሰብም ያንሳል። ጉልበቱም ከስብ ብቻ አይመጣም፤ ስንቱ ከስኳር እንደሆነ በእኛ ሙያ ውስጥ ብዙ ያከራክራል። ከስፖርት በኋላም ሰውነት ማንደዱን ይቀጥላል የሚባለው እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ከሚወራው ያነሰ ነው። ማንደድ ኦክስጅን ይፈልጋልና የከፍታም ጥያቄ አለ። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አየሩ «ኦክስጅን የለውም» የሚሉት ስሕተት ነው። ድርሻው እዚያም 21 በመቶ ነው፤ የቀነሰው ግፊቱ ነው፣ በሩብ ያህል። ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው። የሯጮቻችን ድል ምን ያህሉ ከከፍታው እንደመጣ ግን ገና አላለቀለትም።

ለጀማሪ የምለው አጭር ነው። አምስት ደቂቃ አሟሙቁ። አንድ ደቂቃ ሥሩ፣ አንድ ደቂቃ እረፉ፤ አሥር ዙር ይበቃል። ክርናችሁን እስከ መጨረሻው አትዘርጉ። እርግጫው ከወገብ አይለፍ፤ ስትዞሩ የቆማችሁበት እግር አብሮ ይዙር፣ አለዚያ ጉልበት ይጠመዘዛል። ሲሚንቶ ላይ ጫማ አድርጉ። ሦስት ቃል መናገር ካቃታችሁ ቀንሱ። የልብ ሕመም ወይም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በቀን አንድ ማንኪያ ዘይት ትንሽ ይመስላል፤ ዓመት ሙሉ ከተቀዳ ግን ጀሪካን ይሞላል። ስለዚህ መስኮቱን ክፈቱ፣ ሹራቡን አውልቁ፤ ፌስታሉም ሽንኩርት ይያዝበት።