ለሞተር ጎማ ቅያሪ የሚሆኑ የእጅ መሣሪያዎች፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር?

ከያቤሎ ወይም ከዱብሉቅ ገበያ የተገዛ ከብት ወደ ሞያሌ ሲንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የሚቀድም ሞተር ሳይክል አለ። ሞተረኛው የውሃ ቦታ ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ የጭነት መኪና ያፈላልጋል፣ ወረቀት ያደርሳል። ይህ ሞተር የግራር እሾህ ወግቶት መንገድ ላይ ሲቆም የሚጠፋው የጎሚስታ ክፍያ ብቻ አይደለም። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ ያለ መኖና ያለ ውሃ ቆይቶ ከክብደቱ 5 በመቶ ቢቀንስ 15 ኪሎ ነው። በ20 ሰንጋ ሲባዛ 300 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ሰንጋ ክብደት ይሆናል። መጀመሪያ የሚወርደው የሆድ ዕቃው በመሆኑ ከብቱ በልቶና ጠጥቶ ይመልሰዋል። መዘግየቱ ሲረዝም ግን ሥጋውም ይነካል። በዓይን ግምት በሚሸጥበት ገበያ ደግሞ ሆዱ የገባ ከብት ዋጋው ያኔውኑ ይወርዳል።

ስለዚህ ጎማን በራስ እጅ መቀየር ለነጋዴው ትርፍን የመጠበቅ ጉዳይ ነው። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ችግሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው።

መጀመሪያ የራስን ሞተር ማወቅ

በአካባቢው ከሚበዙት ሞተሮች ብዙዎቹ 17 ኢንች ቸርኬ ያላቸውና የውስጥ ጎማ የሚጠቀሙ ናቸው። መጠኑ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 2.75-17 ወይም 3.00-17 ይላል። መጠባበቂያ የውስጥ ጎማ የሚገዛው ይህን ቁጥር አይቶ ነው። የውስጥ ጎማ የሌለው ዓይነት ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ በመርፌ የሚገባ የጎማ ገመድና የአየር መንፊያ አብዛኛውን የእሾህ ቀዳዳ ይዘጋሉ።

ቀጥሎ የሚታየው የፊትና የኋላ ፔርኖ ዳዶ ነው። መጠኑ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ የፊቱና የኋላውም እኩል ላይሆን ይችላል። መፍቻ ከመግዛት በፊት ዳዶውን መለካት፣ ወይም ሞተሩን ይዞ ወደ ሱቅ ሄዶ መፍቻውን ዳዶው ላይ መሞከር ይሻላል።

ጥራት የሚጠይቁት

*መፍቻ።* ለፔርኖ የሚመረጠው ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ ባለ ቀለበት መፍቻ ነው። እየሰፋ እየጠበበ የሚሠራው መፍቻ ለሁሉም የሚሆን ቢመስልም፣ ጠብቆ በቆየ ዳዶ ላይ ይንሸራተትና ጠርዙን ይበላዋል። ጠርዙ የተበላ ዳዶ ደግሞ በጫካ መሃል አይፈታም። በርካሽ የሚሸጠው ባለ ብዙ ፍሬ ስብስብ ብዙ ጊዜ ብረቱ ለስላሳ ነው። ከሃያ ደካማ መፍቻ ልክ የሆኑ ሁለት ጠንካራ መፍቻዎች ይበልጣሉ።

*የጎማ ማውለቂያ ብረት።* ሁለት ያሠራል፣ ሦስት ግን ሥራውን ያቀላል፤ ሦስተኛው ብረት የወጣውን ጠርዝ ይዞ ይቆያል። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው በቂ ጉልበት ይሰጣል፣ ለመያዝም አይከብድም። ሲገዛ ጫፉን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ቀጭን፣ ክብና ለስላሳ መሆን አለበት። በዚህ ቦታ ካቻቢቴ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። ስለታም ጫፉ የውስጥ ጎማውን ስለሚበሳው አንድ ቀዳዳ ለመድፈን የተጀመረ ሥራ በሁለት ቀዳዳ ያልቃል።

*የአየር መንፊያ።* የእጅ ወይም የእግር መንፊያ ይመረጣል። በትንሽ ቆርቆሮ የታመቀ ጋዝ ፈጣን ቢሆንም አንዴ ካለቀ ሌላ መግዛት ይጠይቃል። የመንፊያው ቱቦ ከቫልቮላው ጋር በጥርስ የሚጠብቅ ቢሆን አየር አያባክንም።

ርካሹ የሚበቃው

መጣፊያ ላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የቫልቮላ መፍቻ፣ የአየር መለኪያና ቁራጭ ጨርቅ ከየትኛውም ሱቅ ቢገዙ ያገለግላሉ። ማስቲሽ አንዴ ከተከፈተ ስለሚደርቅ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ መያዝ ያዋጣል። ለማለስለሻ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ዘይትና ግራሶ ግን ላስቲክ ስለሚጎዱ አይቀቡም።

ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቅ ትልቅ ማሽንና የሚዛን ማስተካከያ ለአንድ ሞተር ባለቤት ወጪያቸውን አይመልሱም። አየሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ በጫማ ተረከዝ ጠርዙን ዙሪያውን መርገጥ አብዛኛውን ጊዜ ያላቅቀዋል።

ጉልበት የሚቆጥበው ዘዴ

ቸርኬ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ማውለቂያ ብረቱ የገባበት ትይዩ ያለው የጎማ ጠርዝ ወደዚህ ጉድጓድ ካልተገፋ፣ የትኛውም ብረት ቢሆን አይበቃም። በጉልበት ከተጎተተ ወይ ብረቱ ይጎብጣል ወይ የጎማው ጠርዝ ይበጠሳል። ሲወልቅ ከቫልቮላው አጠገብ ይጀመራል፤ ሲገባ ግን ከቫልቮላው ትይዩ ተጀምሮ እዚያው ቫልቮላው ጋ ይጨረሳል።

የውስጥ ጎማው ከወጣ በኋላ ጨርቅ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ይጎተታል፤ የተሰበረ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ይህ ከታለፈ የተጣፈው ጎማ ጥቂት ሳይጓዝ እንደገና ይተነፍሳል። የውስጥ ጎማው ሲመለስ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት አየር ይሰጠዋል፤ ይህም በብረቱ እንዳይቆነጠጥ ያደርገዋል። በጎማው ጎን ቀስት ካለ ወደሚዞርበት አቅጣጫ መሆኑ ይታያል።

የአየሩ መጠን የሚወሰደው ከአምራቹ መመሪያ ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚመከረው አይደለም። የኋላው ሲገጠም የሰንሰለቱ ውጥረት በሁለቱም በኩል ባሉት ምልክቶች ይስተካከላል፤ ዳዶውና መቆለፊያ ፒኑ ይጠብቃሉ፤ ከመነሳት በፊት ፍሬኑ ይሞከራል።

በጀቱ ላጠረው

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ልክ የሆነ መፍቻና ሁለት ጥሩ ማውለቂያ ብረት፣ ቀጥሎ መንፊያና መጣፊያ፣ ከዚያ መጠባበቂያ የውስጥ ጎማ፣ በመጨረሻ ሦስተኛው ብረትና የአየር መለኪያው። ሁሉም በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር ወይም ከዕቃ መጫኛው ላይ ይታሰራሉ።

መሣሪያው ተገዝቶ ሳይሞከር መንገድ መውጣት ግን ገንዘቡን ማባከን ነው። ገበያ በሌለበት ቀን ጎማውን ቤት ውስጥ አንዴ አውልቆ መልሶ የገጠመ ሰው የጎደለውን መፍቻ የሚያውቀው እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። ያልሞከረው የሚያውቀው ከብቶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲጠብቁት ነው።