ያውቁ ኖሯል? ሊፍት ውስጥ ያደረው ነፍሰ ገዳይ

«አሳንሰር ፑር ሌሻፎ» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ የፈረንሳይ ፊልም ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በጥር 1958 ነው። ስሙ «ወደ መሰየፊያው መድረክ የሚወስድ ሊፍት» እንደማለት ነው። ነገሩ ለማስፈራራት ብቻ አልነበረም። ያኔ ፈረንሳይ ሞት የተፈረደበትን ሰው በጊዮቲን አንገቱን ትቀላ ነበር፤ የሞት ቅጣትን የሰረዘችው በ1981 ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዳይሬክተሩ ሉዊ ማል ፊልሙ ሲወጣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ከባሕር አሳሹ ዣክ ኩስቶ ጋር ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ሲቀርጽ ነው የከረመው። አብረው የሠሩት ፊልም በ1956 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የወርቅ ዘንባባ ወስዷል። ተዋናይ ማዘዝ ግን ያስጨንቀው ነበር፤ የለመደው ዓሣ ነዋ!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዡልየን የተባለ የቀድሞ ወታደር የአለቃው ሚስት የፍሎራንስ ውሽማ ነው። በገመድ ተንጠላጥሎ በውጭ በኩል ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ አለቃውን ይገድላል፣ ሟቹ ራሱን ያጠፋ አስመስሎ ይወርዳል። መኪናውን አስነስቶ ቀና ሲል ገመዱ እዚያው ተንጠልጥሏል! ሞተሩን ሳያጠፋ ሮጦ ይመለሳል። ሊፍት ውስጥ እንዳለ ዘበኛው ቅዳሜና እሁድ ሰው የለም ብሎ ቆጣሪውን ያጠፋዋል። መብራት ሲሄድ ሊፍት ውስጥ ቀርቶ የሚያውቅ አንባቢ የቀረው አይነገረውም።

መኪናውንስ ማን ወሰደው? ሉዊ የሚባል የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳና አበባ መሸጫ የምትሠራው ጓደኛው ቬሮኒክ። ገንዘብ ፈልገው አይደለም፤ ሞተሩ በርቶ ስላገኙት ነው። ውስጡ ሽጉጥና ትንሽዬ ካሜራ አለ። በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ከሚከፈቱት የጀርመን ቱሪስቶች መርሴዲስ 300 ኤስኤል ጋር አውራ ጎዳና ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ በማግስቱ ጀርመኖቹ ሬሳ ናቸው። ብዙ ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ፍሎራንስን የተጫወተችውን ዣን ሞሮን ነው የሚያነሳው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ያ ልጅ ነው፤ ሰው የገደለው እንደ ቀልድ ነው።

ሉዊን የተጫወተው ዦርዥ ፑዡሊ በ1952 «የተከለከሉ ጨዋታዎች» የተባለው ፊልም ላይ ዓለምን ያስለቀሰው ያ ትንሽ ልጅ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዣን ሞሮ ውሽማዋን ፍለጋ ሌሊት ሻንዜሊዜ ላይ ስትንከራተት የሚያበራላት የሱቆች መስኮት ብቻ ነው። ካሜራ ቀራጩ አንሪ ደካ ካሜራውን የሕፃን ጋሪ ላይ አስቀምጦ እየተገፋ ተከተላት። ትንሽ ብርሃን የሚበቃውን የኮዳክ ትራይ-ኤክስ ፊልም ተጠቅሟል። ሜካፕ የለ፣ መብራት የለ። ፊልም የሚያጥቡት ሠራተኞች ምስሉን ሲያዩ ተቆጡ፤ «ሴትዮዋን አበላሻችኋት» ዓይነት አቤቱታ ለፕሮዲውሰሩ አቀረቡ። ኮከብ ያደረጋት ግን ያ ፊት ነው።

ሙዚቃውን የተጫወተው ማይልስ ዴቪስ ነው። በታኅሣሥ 1957 አንድ ሌሊት ፓሪስ ስቱዲዮ ገብቶ፣ የተመረጡ ትዕይንቶችን እስክሪን ላይ እያየ መለከቱን ነፋ። የተጻፈ ኖታ አልነበረም፤ ለጓደኞቹ የሰጠው ጥቂት ኮርድ ብቻ ነው። ከበሮው ላይ ኬኒ ክላርክ ነበር። ዝነኛው የጃዝ አልበሙ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ፊልሙ የሉዊ ዴሉክን ሽልማት አግኝቷል። አሜሪካ ሲገባ ደግሞ ስሙ ተቀይሮ «ፍራንቲክ» ተባለ። ምን አስቸገራቸው?

የመጨረሻው ትዕይንት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ከትንሽዬዋ ካሜራ የወጣው ፎቶ ፈሳሹ ውስጥ ተነክሮ፣ ዡልየንና ፍሎራንስ ተቃቅፈው ቀስ እያሉ ብቅ ይላሉ። በፊልሙ ሙሉ ሁለቱ አንድ ላይ የሚታዩት እዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው።