አንድ ሪሲቨር፣ ሁለት ቴሌቪዥን፦ ረጅም ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ብዙ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ቴሌቪዥን አለ። አዲስ ሲገዛ አሮጌው ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ሰርቪስ ይሄዳል። ዲሹ ግን አንድ ነው፣ ሪሲቨሩም አንድ። ከዚያ «ምን ችግር አለው፣ ረጅም ገመድ መሳብ ነው» ይባላል። 20 ሜትር ኤችዲኤምአይ ተገዝቶ፣ ግድግዳ ተበስቶ፣ ገመዱ በኮርኒስ ውስጥ ካለፈ በኋላ ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ብሩም ሄደ፣ ግድግዳውም ተበሳ።

ይህ ለምን እንደሚሆን፣ የትኛው ገመድ እስከየት እንደሚሄድ፣ ብር ሳታወጡ ምን መሞከር እንደምትችሉ እንይ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ

ሁለተኛው ቴሌቪዥን ምን እንዲያሳይ ነው የምትፈልጉት? ከሪሲቨር ወደ ቴሌቪዥን የሚሄድ ማንኛውም የምስል ገመድ የሚያሳየው ሪሲቨሩ ላይ የተከፈተውን ቻናል ብቻ ነው። ሳሎን ዜና ከተከፈተ መኝታ ቤትም ዜና ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያይበት ቤት ከሆነ ወይም ኳስ ሁለት ክፍል ውስጥ ማየት ከተፈለገ ይህ በቂ ነው። አባት ዜና፣ ልጆች ፊልም የሚሉበት ቤት ከሆነ ግን ረጅም ገመድ ጭቅጭቁን አይፈታውም። ለእሱ የሚሆነውን ወደ ታች እናገኘዋለን።

ኤችዲኤምአይ ለምን ርቀት አይችልም?

ኤችዲኤምአይ ምስሉን በዲጂታል ነው የሚልከው። በሴኮንድ እጅግ ብዙ መረጃ በቀጫጭን ሽቦዎች ውስጥ ያልፋል። ገመዱ ሲረዝም ሲግናሉ ይደክማል። እስከ አንድ ርቀት ድረስ ቴሌቪዥኑ አስተካክሎ ያነበዋል፤ ምስሉም ምንም ለውጥ የለውም። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ ቀጥሎ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በመጨረሻ ጭራሽ ይጠፋል። እንደ ድሮው አንቴና «ትንሽ ደብዝዞም ቢሆን ይታያል» የሚባል ነገር የለም።

የኤችዲኤምአይ ደንብ ራሱ «እስከዚህ ሜትር» ብሎ የወሰነው ርዝመት የለም። በተግባር ተራ የመዳብ ገመድ እስከ 10 ሜትር ድረስ ለሙሉ ኤችዲ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከ10 እስከ 15 ሜትር እንደ ገመዱ ጥራት ነው። ከዚያ በላይ ዕድል ነው። ለ4ኬ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ያጥራል።

ነጻው መፍትሔ፦ ሪሞቱን አንሱ

ረጅም ገመድ ገዝታችሁ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ገመዱን ከመጣላችሁ በፊት የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱ። የቪዲዮ ወይም የቲቪ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና 1080ፒ ከሆነ ወደ 720ፒ ወይም 1080አይ ቀይሩት። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው መረጃ በግማሽ ይቀንሳል። ለ1080ፒ አልሆን ያለ ገመድ ለ720ፒ ሊሆን ይችላል። ከዲሽ የሚመጡት ብዙ ቻናሎች 1080ፒ ስላልሆኑ ልዩነቱን ላታዩት ትችላላችሁ።

የተናቀው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ

ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ኤቪ የምንለው። ብዙ ሪሲቨሮች በኤችዲኤምአይ እና በኤቪ በአንድ ጊዜ ምስል ያወጣሉ። ስለዚህ ሳሎን ያለውን በኤችዲኤምአይ፣ ሩቅ ያለውን በኤቪ ማገናኘት ይቻላል፤ ስፕሊተር እንኳን አያስፈልግም።

ጉድለቱ ጥራቱ ነው። ኤቪ ኤችዲ አያሳልፍም። ትልቅ ስክሪን ላይ ፊት ደብዘዝ ይላል፣ ትንንሽ ጽሑፍ አይነበብም። ለአሮጌ ወይም ለትንሽ ቴሌቪዥን ግን ይበቃል። ሱቅ ያለው ቀጭን ኤቪ ገመድ ሲረዝም ቀለሙ ይፈዛል፣ ጥላም ያመጣል። ባለሙያዎች ለቢጫው መስመር የዲሽ ገመድ ይጠቀሙና ጫፉ ላይ የኤቪ ጃክ ያስራሉ። እንዲህ ሲሆን 30 ሜትርም አያስቸግርም።

አዳዲስ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ላይ ሦስቱ ቀዳዳ በአንድ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ተተክቷል፤ የሚገባበት ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ ይመስላል። የእነዚህ ገመዶች የውስጥ አሠራር ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ድምፅ መጥቶ ምስል ከቀረ ቀለሞቹን አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ርቀቱ ከ15 ሜትር ካለፈና ኤችዲ የግድ ከሆነስ?

1. በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ ማራዘሚያ። ሁለት ትንንሽ ሳጥን ናቸው፤ አንዱ ሪሲቨሩ ጋ፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ጋ ይቀመጣል። መሃላቸው ላይ ካት 6 ገመድ ይሳባል። ከሶኬት ኃይል የሚያገኙት ዓይነቶች ሙሉ ኤችዲን እስከ 50 ሜትር አካባቢ ይወስዳሉ። ኃይል የማይፈልጉት ርካሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ሳጥናቸው ላይ የተጻፈውን ርቀት አይደርሱም።

2. ፋይበር ኤችዲኤምአይ። ምስሉ በብርሃን ስለሚሄድ ርቀት አያስፈራውም። ዋጋው ከፍ ይላል። አንዱ ጫፍ የሪሲቨር፣ ሌላው የቴሌቪዥን ነው፤ ገልብጣችሁ ከሳባችሁት አይሠራም። ጫፎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታዩ ኮርኒስ ውስጥ እንዳትከቱት።

3. ገመድ አልባ ማስተላለፊያ። አንድ ክፍል ውስጥ ጥሩ ነው። የብሎኬት ወይም የኮንክሪት ግድግዳ መሃል ከገባ ግን ይዳከማል።

ሁለቱን ቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ለማገናኘት ስፕሊተር ያስፈልጋል። ሌላው የሚረሳው ሪሞት ነው፤ የሪሞት ብርሃን ግድግዳ አያልፍም። ቻናል ለመቀየር ሳሎን ድረስ ላለመመላለስ የሪሞት መስመር ያለው ማራዘሚያ ምረጡ።

የተለያየ ቻናል ለሚፈልጉ

ሁለተኛ ሪሲቨር ግዙ፤ የሚሳበውም የዲሽ ገመድ ይሆናል። ጥሩ አርጂ 6 ገመድ ከ30 እስከ 40 ሜትር ድረስ ብዙም አያስቸግርም። እዚህ ጋ ግን የብዙ ሰው ስህተት አለ፦ ባለ አንድ ቀዳዳ ኤልኤንቢ ላይ ተራ ስፕሊተር መግጠም። ሪሲቨሩ ወደ ኤልኤንቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። 13 ሲሆን ቨርቲካል ቻናሎችን፣ 18 ሲሆን ሆሪዞንታል ቻናሎችን ያመጣል። ሁለት ሪሲቨር የተለያየ ትእዛዝ ሲልኩ ኤልኤንቢው የሚሰማው የአንዱን ነው። «እናንተ ቻናል ስትቀይሩ የኛ ይጠፋል» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው ባለ ሁለት ቀዳዳ ኤልኤንቢ ነው። እያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱ ቀዳዳና የራሱ ገመድ ይኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። ሁለት ሳተላይት የምታዩ ከሆነ ሁለቱም ኤልኤንቢዎች ባለ ሁለት ቀዳዳ መሆን አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ ሪሲቨርም የራሱ ስዊች ይገዛል።

ሱቅ ውስጥ እንዳትታለሉ

ትንሽ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የዲሽ ገመዱን የመሃል ሽቦ ማግኔት ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፣ መዳቡ ላዩ ላይ የተቀባ ነው። ለአጭር ርቀት ይሠራል፤ ለረጅም ግን ሙሉ መዳብ ይሻላል። ካት 6 ከሆነ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው።

ለደህንነት፣ እነዚህን አትዝለሉ

ገመድ ስትሰኩና ስትነቅሉ ሪሲቨሩንም ቴሌቪዥኖቹንም መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ፤ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። በተለይ ሁለቱ ክፍሎች መብራት የሚያገኙት ከተለያየ መስመር ከሆነ፣ በመሃላቸው ያለው የቮልት ልዩነት ገመዱ ሲሰካ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ገመዱን ስትነኩ ውርር ካደረጋችሁ ሥራውን አቁማችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ፤ ምናልባት የቤቱ መሬት መስመር የለም ወይም ተበላሽቷል።

የምስል ገመድን ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አታስገቡ። መገናኘት ካለባቸው በመስቀልኛ ይተላለፉ። ከቤት ወደ ሰርቪስ በግቢ ላይ የሚያልፍ ገመድ ደግሞ መብረቅ በአቅራቢያው ሲወድቅ ኃይሉን ወደ ሁለቱም ቤት ይዞ ይገባል። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የዲሹንም የመብራቱንም ገመድ ንቀሉ። እየነጎደ ከሆነ ግን ገመዱን አትንኩ፤ ጣራ ላይማ ጭራሽ አትውጡ።

በመጨረሻ

ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ገመዱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ አገናኙትና አንድ ሰዓት እዩበት። ከሠራ ብሱ፤ ካልሠራ ወደ ሱቁ መልሱ። ስትገዙም «ካልሠራ ትመልሱልኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቤቱ ውስጥ ገመድ የሚስበው ያው የፈረደበት ወጣት ነው። ነገ መሰላል ለሚይዝ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።